የዓይን አፋሩን ልጅ ስልክ ከመንጠቃችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ዓይን አፋር ልጅ ያላቸው ወላጆች እኛን አማካሪዎችን ደጋግመው የሚጠይቁን «ስልኩን ብንነጥቀው ይሻለው ይሆን?» እያሉ ነው። አይሻለውም። ከሰው የሚያገናኘው የቀረው መንገድ ስልኩ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ልጄ ጭምት ነው» ብሎ እንዳለ መተውም ግን ይጎዳዋል።

በጽሑፍ ሲያወራ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማ፣ እጁን ሲያልበው የሚያይ የለም። እፎይታው እውነተኛ ነው። ችግሩ፣ በሸሸ ቁጥር ፍርሃት ቆይቶ በራሱ እንደሚበርድ ሳያውቅ መቅረቱ ነው። ስልኩም የራሱን ፍርሃት ያመጣል። ቴሌግራም ላይ መልእክት መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ታይተው መልስ ሲዘገይ፣ ሌላው «ሥራ ላይ ይሆናል» ብሎ ያልፋል፤ ዓይን አፋሩ ግን «ንቆኝ ነው» እያለ ሲገላበጥ ያድራል።

በአሜሪካ ፒትስበርግ በ73 ቤተሰቦች የሚኖሩ 169 ሰዎችን የተከታተለው የ1998 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ኢንተርኔት አብዝተው የተጠቀሙት ብቸኝነታቸው ጥቂት መጨመሩን አሳይቶ ነበር። የዚያው ቡድን የ2002 ሥራ ነገሩን ለየው፤ ኢንተርኔት ሲያበዙ ተግባቢዎቹ ብቸኝነታቸው ሲቀንስ፣ ቁጥቦቹ ግን የባሰ ብቸኛ ሆኑ። ቁጥብነትና ዓይን አፋርነት አንድ ባይሆኑም፣ እኛም የምናየው ከዚህ አይርቅም።

ስለዚህ ስልኩን መሰላል ማድረግ ነው። መጀመሪያ ለአንድ ለሚያውቀው ልጅ የ20 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ይላክ፤ አንዴ ቀድቶ፣ መልሶ ሳያዳምጥ። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ አሥር ጊዜ እየሰረዙ ከቀዱት ድምፅም ያው ጽሑፍ ነው። ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ይዞ የ3 ደቂቃ ጥሪ፣ ከዚያ ያለ ወረቀት። በመጨረሻ ከዚያው ልጅ ጋር ግማሽ ሰዓት ሻይ ቤት፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ። ከእያንዳንዱ በፊት ፍርሃቱን ከ0 እስከ 10 ይመዝነው፤ 7 ከነበረ 3 ገደማ እስኪወርድ ያንኑ እርከን በሳምንት አራት አምስት ጊዜ ይደጋግም። 9 ከደረሰ እርከኑ በዝቶበታል፤ ጥሪውን ወደ 1 ደቂቃ አሳጥሩለት።

እንግዳ ፊት «ተናገር እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሃል!» ማለት የሳምንቱን ልፋት ባንድ አፍታ ያፈርሰዋል። ፍርሃቱ ስድስት ወር ዘልቆ ከትምህርት ቤት ካስቀረው ደግሞ የቤት ልምምድ ብቻውን አይበቃም፤ ለሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ለአእምሮ ሐኪም አሳዩት።

ከሰላምታ ጋር
የሥነ ልቦና አማካሪዎች፣ አዲስ አበባ