ትል የበላውን ቅጠል አትለፊው

ውድ ልጄ፣

ሥዕልሽ ደረሰኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌው ስወጣ ስገባ አየዋለሁ። አበባዋ ሥዕሉ ሳያልቅ ጠወለገችብኝ ብለሽ መናደድሽ ገብቶኛል። እኔም ስንቴ ደርሶብኛል። የተቀጠፈች የሜዳ አበባ ጊዜ አትሰጥም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከአበባዋ መጀመር ያለብሽ። አረንጓዴው ቅጠል ለነገ ይቆያል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቀለሟን በቁራጭ ወረቀት ላይ አመሳስለሽ ያዢ። ብትረግፍም ቀለሟ እጅሽ ላይ ይቀራል።

ነጩን ያለ ነጭ ቀለም ማውጣትሽ በጣም ደስ ብሎኛል። በውሃ ቀለም ብርሃኑ ወረቀቱ ራሱ ነው። አንዴ ከሸፈንሽው መመለሱ ከባድ ነው። ጠርዙ ላይ የፈሰሰው ግን ከችኮላ ነው። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ደርበሽበታል። በእጅሽ ጀርባ ነካ አድርጊው፤ ከቀዘቀዘሽ ገና እርጥብ ነው። ወረቀቱም ሳስቶ ተጨማዷል። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነውን ወፍራም፣ ለስላሳ ወረቀት ፈልጊ፤ እሱ ውሃ ይችላል።

ዋናው ነገሬ ስለ ቅጠሎቹ ነው። አትቀየሚኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም ወደ አንቺ የዞሩ። አንዱን አይተሽ ሌሎቹን ከሐሳብሽ ያወጣሻቸው መሰለኝ። ሜዳ ላይ እንደዚያ አይደለም። አንዱ ይታጠፋል፣ አንዱ ጀርባውን ይሰጥሻል፣ አንዱን ትል ቀምሶታል። ጀርመናዊቷ የነፍሳትና የዕፅዋት ሠዓሊ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1699 ከልጇ ከዶሮቴያ ጋር ባሕር አቋርጣ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ሱሪናም ስትሄድ 52 ዓመቷ ነበር። እዚያ የሣለቻቸውን ዕፅዋት ብታዪ፣ አባጨጓሬ የበላው ቅጠል እንደተበላ ነው ያለው። ቀዳዳውን አልደፈነችውም። እናትና ልጅ አንድ ቅጠል ላይ ጎንበስ ብለው ይታዩኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እቀናባቸዋለሁ።

አረንጓዴሽም ከቱቦው እንደወጣ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ራስሽ ቀላቅለሽ ቀይ ጠብ አድርጊበት። ጩኸቱ ይበርዳል።

ከሥር በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ቅጠል ግን ስንት ጊዜ እንዳየኋት! ጫፏ ደርቆ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ከጥቅልሉ ሥር ቀጭን ጥላ አለ። እሷን ከሐሳብሽ አላመጣሻትም፤ አይተሻታል። በሚቀጥለው ሥዕል ሌሎቹንም እንደሷ እያቸው። ልክ እንደጨረስሽ ላኪልኝ፣ ሳታሳምሪው።

በጣም ናፍቀሽኛል።

አባትሽ