የበሩ ቀለም

ይድረስ ለባልንጀራዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ያልኩህ ታምሜ ወይም ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው።

ስትሄድ አደራ ያልከኝን ታስታውሳለህ? «ዶሮ ማነቂያ ያቺን ሥጋ ቤታችንን ሥለህ ላክልኝ» አልከኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ነገ ስል 2016 ዓ.ም. ደረሰና ሰፈሩ ፈረሰ። ፎቶዋ እንኳ የለኝም። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ላይ ስምህን ባየሁ ቁጥር «ሥዕሉስ?» የምትለኝ እየመሰለኝ ሳላነሳው ቀረሁ።

አሁን መንገድ ዳር ወጥቼ መሣል ጀምሬያለሁ። እሑድ ጠዋት ቶሞካ ቆሜ ማኪያቶዬን እጠጣና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጣይቱ ሆቴል አካባቢ ዱካዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። በ2007 እሳት ደርሶበት የተረፈው ጣይቱ። ጠዋት የምሄደው ለጥላው ብዬ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሱቁ ደጅ ሁሉ ካርቶን ይመስላል። ጠዋት ግን ከቆርቆሮው የሚወርደው ጥላ በሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ያቺን መስመር ካገኘሁ ሌላው ቀላል ነው።

የሚያስቸግረኝ ሰው ነው። በር ቆሞ ይጠብቅሃል፣ ሊስትሮ ግን የት ይጠብቅሃል! አንዱን ሦስት እሑድ ሣልኩት፤ በየሳምንቱ ሌላ ጃኬት ለብሶ መጣ። በመጨረሻ አንገቱን አስግጎ አየና «ጋሼ፣ እጄን አሳነስከው» አለኝ። ልክ ነበር። ጫማ የሚጠርግ ሰው ከፊቱ ይልቅ እጁ ነው የሚታየው። ቤቴ ገብቼ አስተካከልኩት።

በአዲሱ መንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ግራጫ ተቀብተዋል። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አንድ ቀን ግን የፕላስቲክ ሳፋ የሚያዞር ልጅ ግራጫው ግድግዳ ፊት ቆመ። ቀዩና ቢጫው ሳፋ እሳት መሰለ! ለሠዓሊ ጥሩ ጀርባ ነው። ለሰፈር ግን እንጃ።

ሥጋ ቤቷንም ከትዝታ ጀምሬያታለሁ። ከበሩ በላይ መስቀሉ አለ። ታፔላው ላይ ያ በሬ አለ፤ «አምስት እግር አለው» እያልን የምንስቅበት። (አምስተኛው ጭራው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን እግር አድርጌዋለሁ።) የተሰቀለው ሥጋ፣ ሚዛኑ፣ ነጩ ጋዋን፣ ደጅ ላይ የምትተኛዋ ውሻ ሁሉም አሉ።

በሩ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። አረንጓዴ ይመስለኛል፤ እህቴ ሰማያዊ ነው ብላ ድርቅ አለች። አዲስ የተቀባ ቀን ተደግፈኸው ነጭ ሸሚዝህን አበላሽተህ ነበር። እናትህ በነጭ ጋዝ ብታሸው ብታሸው አልለቅ አላቸው። ሸሚዙ ላይ የቀረው ቀለም ምን ነበር? ቶሎ ጻፍልኝ፤ በሩን ሳልቀባው እየጠበቅኩህ ነው።

ያው ወንድምህ