በልጆች እድገት ጥናት ለሚሳተፉ ቤተሰቦችና ተማሪዎች

የተከበራችሁ አባላት፣

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥናት ወደ ቤታችሁ ሲመጡ፣ የስምምነት ቅጹን ሳታነቡ ወይም ሳይነበብላችሁ እንዳትፈርሙ በአክብሮት እናሳስባለን። ተሳትፎው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ልጁ ለጥናቱ የተሰጡትን ኩቦች እየደረደረ ሳለ ቢያለቅስ ወይም እናቱ ቀሚስ ውስጥ ቢሸጎጥ፣ ምክንያት ሳትሰጡ ማቋረጥ ትችላላችሁ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ ቦታ የለውም።

በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት ሊከታተል የቻለው፣ ቤተሰቦች በየዙሩ በራቸውን ስለከፈቱ ነው።

ተማሪዎችም የልጁን ዕድሜ በወር መዝግቡ፤ «ሁለት ዓመት ገደማ» የሚለው መልስ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ ከእኩዮቹ ጋር የሚደረገውን ንጽጽር ያዛባል። ወላጆች የልደት ቀኑ የተጻፈበትን የክትባት ካርድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።