ዝግ ቤት ሁሉ ባዶ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አዲስ አበባ የቤት እጥረት በተጻፈ ቁጥር «ይህን ያህል ሺህ ኮንዶሚኒየም ተቆልፎ ተቀምጧል» የሚል አኃዝ አብሮ ይወጣል። አኃዙ በምን መለኪያ እንደተሰበሰበ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይታይም። የባዶ ቤት ቆጠራ ከሰው ቆጠራ ይልቅ ለስህተት የተጋለጠ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ቤቱ ውስጥ የለማ።

በ2013 ዓ.ም. የከተማ አስተዳደሩ ይፋ ያደረገውን የኮንዶሚኒየም ማጣራት እንውሰድ። በየዜናው የተሰማው ድምር 21,695 ቤት ነበር፤ ሕዝቡም ሁሉንም «በሕገወጥ የተያዘ» ብሎ ያዘው። ዝርዝሩ ሲታይ ግን 4,530ው «ዝግ»፣ 850ው «ባዶ» ተብለው የተመዘገቡ ናቸው። ሁለቱን ለይቶ መመዝገቡ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ችግሩ የባለቤትነት ጥያቄ ካለባቸው ቤቶች ጋር በአንድ ድምር መታሰራቸው ነው። «ዝግ» ማለት መረጃ ሰብሳቢው ሲያንኳኳ የሚከፍት አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። ነዋሪው ሥራ ውሎ ይሆናል፤ ለቅሶ ሄዶ ይሆናል። ወይም ባለቤቱ ዱባይ ሆኖ ቁልፉን ለእህቱ ትቶላት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው፤ ሦስተኛው አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስል በምሳሌ እናስላው። ከ100 ቤት በእርግጥ ባዶ የሆኑት 3 ናቸው እንበል። ሰው ከሚኖርባቸው 97 ውስጥ መረጃ ሰብሳቢው በመጣባቸው ሰዓታት 10ሩ ዝግ ቢሆኑና «ባዶ» ተብለው ቢሞሉ ሪፖርቱ 13 በመቶ ይላል። ከእውነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ነው! መረጃ ሰብሳቢው የዋሸው ነገር የለም፤ ያደረገው የሥራ ቀን ረፋድ ላይ መሄድ ነው።

መፍትሔው የታወቀ ነው። አንድ ዝግ ቤት ቢያንስ ሦስት ጊዜ መጎብኘት አለበት፤ አንዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ። ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ረፋድ መመላለስ ያው እንደ አንድ ጉብኝት ነው። ከበዓል ሳምንታትም መራቅ ይበጃል፤ በመስቀል ሰሞን ወደ ጉራጌ የወረደ ቤተሰብ ቤቱን ጥሎ አልሄደም። ከሦስተኛው ጉብኝት በኋላ ጥበቃውን፣ የነዋሪዎች ማህበሩን ኮሚቴና ቢያንስ አንድ ጎረቤት ለየብቻ ጠይቆ የተስማሙበትን መሙላት ነው። ካልተስማሙ ቅጹ ላይ «ያልታወቀ» የሚል ቦታ ሊኖር ይገባል። ይህ ሳጥን ከሌለ መረጃ ሰብሳቢው በግምት «ባዶ» ላይ ምልክት ያደርጋል። በአለቃ ዘንድ «ያልታወቀ» የስንፍና ምልክት መስሎ መታየቱም መቅረት አለበት።

ቀጥሎ ባዶነቱ የተረጋገጠው ቤት ለምን ባዶ እንደሆነ ይጠየቃል። የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብና ቤት ቆጠራ መመሪያ ለኪራይ የቀረበውን፣ ለሽያጭ የቀረበውን፣ አዲስ የተሠራውንና ሊፈርስ የሚጠብቀውን እንዲሁም ባለቤቱ በወቅት ብቻ የሚመጣበትን ይለያል። ጃፓን በ2023 እ.ኤ.አ. ባደረገችው የቤቶች ጥናት 9 ሚሊዮን ያህል ባዶ ቤት ቆጥራለች። ይሁንና ግማሽ የሚጠጋው ተከራይ የሚጠብቅ ነው፤ የሚያሳስበው ሌላው ክፍል ነው። በእኛ ከተማ ለኮሪደር ልማት ነዋሪው ተነስቶ መፍረሻውን የሚጠብቅ ቤትና ዕጣ ወጥቶለት ባለዕድሉ ያልገባበት ኮንዶሚኒየም በአንድ ዓምድ ከገቡ ከቁጥሩ የሚገኝ ፖሊሲ የለም።

ያላለቀ ቤትም አለ። ብዙ ባለዕድል ቤቱን ሲረከብ ወለልና የውስጥ በር ይቀረዋል፤ ውሃና መብራት እስኪገባ ወራት ይፈጃል። አሜሪካ ውስጥ የውጭ በርና መስኮቱ ተገጥሞ፣ ወለሉ ለአገልግሎት ካልበቃ ቤቱ ከመነሻው በቤትነት አይቆጠርም። እኛም ተመሳሳይ መስመር ማስመር አለብን። እኔ ብጠየቅ ውሃና መብራት ያልገባለትን ብሎክ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፤ እሱ የአስተዳደሩ የግንባታ መዘግየት እንጂ የባለቤቱ ቤት ማስቀመጥ አይደለም።

አንዳንዶች «በየቤቱ ማንኳኳት ለምን አስፈለገ፣ የመብራት ቆጣሪውን ማየት ነው» ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አየርላንድ ሞክራዋለች። በ2022 የሕዝብ ቆጠራዋ ባዶ የተባለው ቤት 8 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በመብራት ፍጆታ በ2021 መጨረሻ የተሰላው 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። ቆጠራው አንድን ሌሊት፣ ቆጣሪው ደግሞ ሙሉ ዓመት ስለሚያይ ሁለቱ አይገጥሙም። የእነሱ መለኪያ በዓመት ከ180 ኪሎዋት ሰዓት በታች የበላን ቤት ባዶ ይላል። ይህን እዚህ ብናመጣውስ? አራት ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት፣ አንድ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥንም እንደዚያው ቢሠራ በቀን ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት፣ በዓመት 180 ገደማ ነው። በከሰል የምታበስል፣ እንጀራ ገዝታ የምትበላ ተከራይ በዚህ ስሌት ልክ ድንበሩ ላይ ናት፤ አንድ አምፖል ካጠፋች ባዶ ቤት ትሆናለች። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገርበት ቤት ግን በጭራሽ አይሳትም። ስለዚህ ወሰኑ ሰው እንደሚኖርባቸው በተረጋገጡ የከተማው ቤቶች ላይ ተለክቶ መውጣት አለበት።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። በቀበሌ ቤትና በግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለአራትና አምስት አባወራ ይሠራል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ላይ የሚታየው የካርድ ግዢ እንጂ የየዕለቱ ፍጆታ አይደለም፤ አንዱ የሦስት ወር ይሞላል፣ ሌላው በየሳምንቱ። የውሃ ቆጣሪማ ከናካቴው ባይነሳ ይሻላል፤ ላይኛው ፎቅ ውሃ በፈረቃ እንኳ በማይደርስበት ብሎክ ዜሮ ማንበቡ ስለነዋሪው አንዳች አይነግረንም። የመብራት ቆጣሪ የሚጠቅመው የትኛው ዝግ ቤት አስቀድሞ ይጎብኝ የሚለውን ለመምረጥ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ስታቲስቲክስንና ቁጥጥርን በአንድ ቡድን ማሠራት ነው። ቅጽ የያዘው ሰው ነገ ቤት የሚያሽግ ከሆነ ነዋሪው እውነቱን አይናገርም። አከራዩ የኪራይ ግብር ፈርቶ «ሰው የለበትም» ይላል፤ ባዶ ቤት ያለው ደግሞ እንዳይወሰድበት የዘመድ ልጅ አምጥቶ ፍራሽ ያነጥፋል። ሁለቱ ስህተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄዱ በአንድ ማስተካከያ አይታረሙም። የባለቤትነት ማጣራቱን ቤቶች ልማት ይሥራ፤ ቆጠራውን የግለሰብ መረጃ በምስጢር እንዲጠብቅ ሕግ የሚያስገድደው የስታቲስቲክስ አገልግሎት።

መቶኛ ለማውጣት ደግሞ አካፋይ፣ ማለትም የቤቶቹ ጠቅላላ ብዛት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 628,984 መኖሪያ ቤትና 662,728 ቤተሰብ መዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህ ቦሌ አራብሳም ኮዬ ፈጬም ከተማ ሆነዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዘዘው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እስኪደረግ ድረስ ባዶ ቤትን በመቶኛ የሚጠቅስ ባለሥልጣን ሲገኝ ዘጋቢዎቻችሁ አካፋዩ የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ዝግ ቤት ስንት ጊዜ እንደተጎበኘና ስንቱ «ያልታወቀ» ተብሎ እንደቀረ ይጠይቁልን።

አንድ የስታቲስቲክስ ባለሙያ
አዲስ አበባ