ሟቹን የጠየቀው አለ? — ስለ ጌሞች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ ልጆች በኮምፒውተር ጌም አማካይነት ጥንቆላ እየተማሩ ነው በሚል ያወጣችሁትን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በምናብ ዓለም በሚካሄዱ የጀብዱ ጌሞች ውስጥ ሙታንን የሚያስነሣ ገጸ ባሕርይ መኖሩን ጠቅሰው፣ ይህን የሚጫወት ልጅ ውሎ አድሮ ከመተተኛ ደጃፍ መቆሙ አይቀርም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። እኔ እነዚህን ጌሞች ከሃያ ዓመት በላይ የተጫወትኩ፣ አሁንም ቅዳሜ ከሰዓት ከልጄና ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከብቤ የምጫወት አባት ነኝ። የጸሐፊው ሥጋት ከንቱ ነው አልልም፤ ሊያሠጋ የሚገባው ነገር ግን እሳቸው ካሉት ሌላ ይመስለኛል።

ጸሐፊው የዚህን ገጸ ባሕርይ መጠሪያ፣ «ኔክሮማንሰር» የሚለውን ቃል፣ አማርኛ አቻ እንደሌለው ሁሉ እንዳለ ወስደውታል። አቻ ግን አለው፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ከምዋርተኛውና ከሞራ ገላጩ ተርታ አሰልፎ «ሙታን ሳቢ» ይለዋል። የግሪክኛው ቃል መሠረትም ሬሳ ማዝመትን ሳይሆን ሙታንን ጠይቆ መተንበይን የሚያመለክት ነው። ሳኦል ልብሱን ለውጦ በሌሊት ዓይንዶር ወዳለችው ሴት የሄደው ሠራዊት እንድታስነሣለት አልነበረም፤ ሳሙኤልን ምክር ሊጠይቅ ነበር። በዚያ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሳሙኤል የመጀመሪያ ንግግር ነው፤ ስለ ምን አወክኸኝ ብሎ ይወቅሰዋል። የተጠራው ሟች ቅሬታ አለው፣ ቅሬታውንም ይናገራል።

የዛሬዎቹን ጌሞች የምመዝነው በዚህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ብሊዛርድ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ዲያብሎ 2 የሚባለው የኮምፒውተር ጌም ሙታን ሳቢውን ከአምስቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ ለተጫዋቹ አቀረበው። ጸሐፊው የሲኦል አገልጋይ ነው ቢሉም አይደለም፤ በጌሙ ታሪክ ከሲኦል ኃይሎች ጋር የሚዋጋ፣ በብርሃንና በጨለማ መካከል ያለውን ሚዛን እጠብቃለሁ የሚል ሰው ነው። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያዎቹ ተልእኮዎች በአንዱ ወደ አንድ የመቃብር ስፍራ ይላካል፤ ብለድ ሬቨን የምትባል፣ ቀድሞ የአንድ የሴት ቀስተኞች ማኅበር አለቃ የነበረች ከሐዲ በዚያ የተቀበሩትን እኅቶቿን እያስነሣች ስላስቸገረች እንዲገድላት ነው የሚታዘዘው። ሙታን ሳቢው እዚያ ደርሶ የሚያደርገው ምንድን ነው? እሷ ያስነሣቻቸውን ሬሳዎች ይጥላል፤ ከዚያ ማውሱን በወደቀው ሬሳ ላይ አድርጎ አንድ ጊዜ ሲጫን አፅሙ ከሥጋው ተለይቶ ብድግ ይልና ከኋላው ይሰለፋል። እኅቶቻቸው ከዚህ ግፍ ይገላገሉልን ብለው የላኩት ሰዎች የእነዚያኑ እኅቶች አፅም አስከትሎ ሲመለስ ሲያዩት የሚሉት ነገር የለም፤ አመስግነው ይሸልሙታል። እኔ በወጣትነቴ ይህን ሳልታዘብ ስንት ጊዜ እንደጨረስኩት አላስታውስም።

በጨዋታነቱ ግን ግሩም መሆኑን መካድ አልችልም። ሙታን ሳቢው በራሱ ክንድ ደካማ ነው፤ ጠላት ካልወደቀ ሬሳ የለም፣ ሬሳ ከሌለ ደግሞ ሠራዊት የለም። በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ዱሪየል ከሚባለው ግዙፍ ፍጡር ጋር በጠባብ ክፍል ሲገናኝ በአካባቢው ሌላ ጠላት ስለሌለ ያለቁትን አፅሞች የሚተካበት ሬሳ አያገኝም፤ የሠራዊት አዛዡ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ሬሳ ማፈንዳት የሚባለው ችሎታው ደግሞ ጉዳቱን የሚያሰላው ሟቹ በሕይወት ሳለ በነበረው የጤና መጠን ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የትኛውን አስከሬን መቼ ላፈንዳ እያለ ሒሳብ ይሠራል። አርባና ተዝካር የሚያወጣ ቤተሰብ ልጁ አስከሬንን እንደ ጥይት ሲቆጥር አይቶ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ልጁ በዚህ አስማት አይማርም፤ ምናልባት የሚማረው ሟች ማለት ስም የሌለው ዕቃ መሆኑን ነው፣ እኔንም የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ሁሉም ጌሞች እንዲህ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በወጣው ሞሮዊንድ በሚባለው የኮምፒውተር ጌም፣ የጨለማ ኤልፎች የተባሉት የምናብ ሕዝቦች የአያቶቻቸውን መናፍስት የቤተሰባቸው መቃብር ጠባቂ አድርገው ያከብራሉ፤ የወገናቸውን ሬሳ ለአስማት የነካውን ሰው ግን እንደ ርኩስ ይቆጥሩታል። በ1974 በአሜሪካ የታተመውና የእነዚህ ሁሉ ጌሞች አባት የሆነው፣ ጠረጴዛ ከብበው በመጽሐፍና በዳይስ የሚጫወቱት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስም አስማትን ከሚከፍልባቸው ስምንት ዘርፎች አንዱ ይኸው የሙታን አስማት ነው፤ የ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ሙታንን ማስነሣት መልካም ሥራ እንዳልሆነና ይህን የሚያዘወትሩት ክፉዎች ብቻ እንደሆኑ በግልጽ ጽፏል። ጸሐፊው ይህን አንብበው ቢሆን ኖሮ ከመጽሐፉ ጋር ሳይስማሙ የሚቀሩ አይመስለኝም።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር ላንሣ። የዲያብሎ 2 ተከታይ የሆነው ዲያብሎ 4 በሰሜን አሜሪካ የተመዘነው ዕድሜያቸው 17 ለሆነና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ ምዘናው በማሸጊያው ላይና በመሸጫው ገጽ ተጽፎ ይገኛል። የዐሥር ዓመት ልጅ ሲጫወተው ካያችሁ ጥያቄው ገዝቶ ለሰጠው ሰው ነው። ጋዜጣችሁም ወደፊት በዚህ ጉዳይ ላይ ሲጽፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የተጫወተ ሰው እንዲያየው ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር በእኛ ጠረጴዛ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ስንጫወት የሆነውን ነግሬያችሁ ልጨርስ። የጎረቤታችን ልጅ የሚጫወተው ጋሻ ያዥ ወታደር ድልድይ ላይ ጓዶቹ እስኪሻገሩ ሲከላከል ወደቀ፤ ነፍሱን ለማትረፍ የጣለው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስም ሦስት ጊዜ ከዐሥር በታች ወጣበትና ሞተ። ልጄ የሚጫወተው አስማተኛ ሦስተኛ ደረጃ አስማት ላይ ስለ ደረሰ ወዲያው መጽሐፉን አገላበጠና «አባዬ፣ እኔ አሁኑኑ ላስነሣው እችላለሁ፤ ጋሻውንም ይይዝልናል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሕጉ ይፈቅድለታል። የሚያስፈልገው ጠብታ ደም፣ ቁራጭ ሥጋና ጥቂት የአጥንት ዱቄት ነው፤ የተነሣው አካል ለ24 ሰዓት ይታዘዘዋል፣ በየቀኑ ካልታደሰበት ግን መታዘዙን ያቆማል። ሟቹን የሚጠይቅ የለም። ሁለተኛው መንገድ እስከ ከተማው ቤተ መቅደስ መጓዝ ነው። እዚያ ያሉት ካህናት ከሞተ ዐሥር ቀን ያላለፈውን ሰው በእውነት ወደ ሕይወት ይመልሱታል፤ ነገር ግን 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ያስፈልጋል፣ ነፍሱም ለመመለስ ፈቃደኛ መሆን አለባት። ሁለቱም በመጽሐፉ በአንድ ዘርፍ፣ በሙታን አስማት ሥር ነው የተመደቡት።

ነፍሱ ፈቃደኛ መሆን አለባት የሚለውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩና ወደ ጎረቤታችን ልጅ ዞር ብዬ ነፍሱ መመለስ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሻዩን ይዞ ጥቂት ዝም አለ። «አትፈልግም፣ አሻግሯችኋል እኮ» አለ። ልጄ መጽሐፉን ዘጋ። የቀረውን አንድ ሰዓት ከድልድዩ ማዶ መቃብር ሲቆፍሩና ጋሻው አብሮት ይቀበር ወይስ ለሌላ ይሰጥ ሲከራከሩ አሳለፉት፤ ጋሻው አብሮት ተቀበረ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ