መራጩን ከመውቀስ በፊት ደንቡን እንይ

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ የልባቸውን ዕጩ ትተው የማሸነፍ ዕድል ላለው ድምፅ የሚሰጡ መራጮችን «አቋም የለሽ» ብሏቸዋል። አልስማማም። የምክንያታዊ ምርጫ ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው ሰው ዓላማውን ከፊቱ ካለው ደንብ ጋር አገናዝቦ ይወስናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የምክር ቤት ወንበር የሚያዘው በአብላጫ ድምፅ ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግዴታ አይደለም። ሦስት ዕጩዎች 40፣ 35 እና 25 በመቶ ቢያገኙ፣ 60 በመቶው ያልመረጠው ሰው ያሸንፋል። ሦስተኛውን የሚወድ መራጭ ድምፁን ወደ ሁለተኛው ቢያዞር ምኑ ነውር ነው?

እዚህ ጅማ፣ በሰፈራችን እድር የዳኛ ምርጫ ይህንኑ አይቻለሁ። እጅ ሲወጣ ሰዉ አስቀድሞ ጎረቤቱን ያያል (እኔም አይቻለሁ)። ዳኛው የተመረጡት ተወደው ሳይሆን ሌላው ተፈርቶ ነበር። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ አሸናፊው የተቆጠረለትን ድምፅ ሁሉ እንደ ድጋፍ ይወስደዋል።

ጋዜጣችሁ መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል ስለሚጽፍበት፣ አንደኛ ያለው ሲወድቅም ድምፁ ወደ ሁለተኛው ስለሚተላለፍበት ሥርዓት የሕግ ባለሙያዎችን ቢያወያይ መልካም ነው። እድሮችም በሚቀጥለው ምርጫቸው አባላት አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለው በምስጢር ወረቀት እንዲጽፉ በማድረግ ይሞክሩት።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ