አዋጁ ለዳቦ ቤትም ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ በጋዜጣ ላይ ብዙ ጊዜ የማነበው ስለ ፋብሪካዎች፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኮችና ስለ ሠራተኛ ማኅበራት ነው። እኔ ሰባት ሠራተኛ ያለኝ የዳቦ ቤት ባለቤት ነኝ። እንደኔ ያለው አሠሪ ከተማውን ሞልቶታል፦ ካፌው፣ ጋራዡ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ስፌቱ። አብዛኞቻችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኛንም እንደሚመለከት የሚገባን መጥሪያ ሲደርሰን ነው። እኔም የገባኝ ያኔ ነው።

አራት ዓመት ሊጥ ያቦካልኝ የነበረ ልጅ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይገባል፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ትኩስ ዳቦ መደርደሪያው ላይ ነው። አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም አልመጣም። ስልኩ ዝግ ነው። ሦስቱንም ሌሊት እኔና ካሸሯ ስናቦካ አደርን። ሐሙስ ሲደውል ንዴቱ አልበረደልኝም ነበርና «በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትመጣ» አልኩት። እናቱ ገጠር በጠና ታመውበት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ ዳኛዋ መጀመሪያ የጠየቁኝ የሥራ ውሉን ነው። የለኝም። ቀጥለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያውን ጠየቁኝ። እሱም የለም። መቅረቱን የማሳይበት የመግቢያ መዝገብ እንኳ አልነበረኝም።

ሕጉን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በመቅረት ምክንያት ሠራተኛን ወዲያው ለማሰናበት በ6 ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት አለበት፤ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። ሦስት ቀን አይበቃም፤ በቃል መቆጣትም ማስጠንቀቂያ አይሆንም። ደግሞ ከባድ ችግር ለገጠመው ሠራተኛ ሕጉ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ። ይህን ሁለታችንም ብናውቅ ኖሮ እሱ ከመሄዱ በፊት ይነግረኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያ አልናገረውም ነበር።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማይገምተው እሱን ነው። ከሕግ ውጪ ለተቋረጠ የሥራ ውል ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። ስንብቱን አስቀድሜ ስላላሳወቅኩት፣ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ፈንታ የሁለት ወር ይጨመራል። የአራት ዓመት አገልግሎት የስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው የአንድ ወር ሲሶ ነው፤ ሲደመር ሌላ ሁለት ወር። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ ሳይቆጠር የ10 ወር ደመወዝ ሆነ ማለት ነው። በንዴት ለተናገርኳት አንዲት ቃል።

«ውል ካልተጻፈ ሠራተኛው ምን ይዞ ይከሰኛል?» የሚል አሠሪ ብዙ ነው። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥም የሠራተኛው መብት አይቀርም። ወረቀቱ ሲጠፋ ማስረጃ የሚያጣው አሠሪው ነው። «ሦስት ወር እንይሽና» የሚባለውም እንደዚያው ነው፤ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም።

ጡረታን በተመለከተ ሠራተኞቻችን ራሳቸው «አትቁረጪብኝ፣ በእጄ ስጪኝ» ይላሉ። ኑሮ ውድ ነውና አይፈረድባቸውም። እኔም ለዓመታት እሺ ስል ኖሬአለሁ፤ ጥፋት ነበር። ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ 7 በመቶው 420 ብር ከሠራተኛው ይቆረጣል፤ 11 በመቶው 660 ብር ደግሞ ከአሠሪው ይወጣል። ይህን ለአንዷ ጋጋሪዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያት «እኔ የማወጣው ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። በማግስቱ መታወቂያዋን ይዛ መጣች።

ሁሉም ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው፤ ሙሉ ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ለእናትየዋ ሲያንሳት ነው። ነገር ግን ሁለት ሠራተኛ ላላት ፀጉር ሠሪ ለወለደችውም ለተተኪዋም አራት ወር ሁለት ደመወዝ መክፈል ከባድ ነው። በዚህ ፍርሃት ወጣት ሴት አልቀጥርም የሚሉ አሠሪዎች በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ እጅግ ያሳዝነኛል። መንግሥት ቢያንስ ለትንንሾቹ ወጪውን የሚጋራበት መንገድ መፈለግ አለበት ብዬ አምናለሁ። ውል መጻፍና መዝገብ መያዝ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። እኔ ዛሬ ምድጃው አጠገብ አንድ ደብተር ሰቅያለሁ፤ ሁሉም ሲገባና ሲወጣ ይፈርምበታል። ፈቃድም ትርፍ ሰዓትም እዚያው ይጻፋል። የሌሊት ትርፍ ሰዓት በአንድ ከሦስት አራተኛ ተባዝቶ እንደሚከፈል ከሽፋኑ ጀርባ ጽፌዋለሁ፤ ማንም መጥቶ አይጠይቀኝም፣ ራሳቸው ያሰሉታል።

ንግድ ፈቃድ ላሳድስ ስሄድ የግብር ክሊራንስ እጠየቃለሁ። ስለ ሠራተኞቼ ግን አንድ ገጽ ወረቀት የሰጠኝ ሰው የለም። ፈቃድ የሚያድሱት መሥሪያ ቤቶች በቀላል አማርኛ የተዘጋጀ የውል ቅጽ ከደረሰኙ ጋር ቢሰጡን ምን ነበረበት? እነሱ እስኪያስቡበት ድረስ ግን እናንተን ልጠይቅ። የሥራ ውል ናሙናና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ናሙና በአንድ ገጽ አትሙልን። እኔ በበኩሌ ፎቶ ኮፒ አድርጌ በሰፈራችን ላሉት ሱቆች ሁሉ አዳርሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዳቦ ቤት ባለቤት፣ ከአዲስ አበባ